ቀለሙ ነው የጠራቸው

የሲስተር ጥሩወርቅን ሞት የሰማሁት ቆጋ፣ ድንች ማሳ መሀል ቆሜ ነው። ስለ መስኖ ውኃ ተራ ገበሬዎችን እያነጋገርሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የደወለችልኝ የሬዲዮ ጣቢያችን የድምፅ ባለሙያ ነበረች። «ሲስተር አረፉ» አለችኝ። የቷ ሲስተር ብዬ ጠየቅኋት። እኛ ጋ ሌላ ሲስተር እንደሌለ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። ፊት ለፊቴ የቆሙት ገበሬ ነገሩ ገብቷቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ግን ሐዘኑ ቶሎ አልመጣልኝም። ሐሙስ ዕለት ስክሪፕቴን ሰርዘው ሰርዘው የመለሱልኝ ሰው እንዴት ነው ዛሬ የሉም የሚባለው እያልሁ፣ ለገበሬው የጀመርሁትን ጥያቄ የት እንዳቆምሁት ጠፍቶኝ ቆምሁ።

አሁንም ስለ እሳቸው ስጠየቅ የምናገረው ይምታታብኛል። ደግ ነበሩ እላለሁ፤ ወዲያው ያስለቀሷቸው ሰዎች ፊቴ ድቅን ይላሉ። ቆራጥ ነበሩ እላለሁ፤ ደግሞ ግራ ገብቷቸው ከማይክሮፎኑ ፊት እንደ ልጅ ያቀረቀሩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ስንት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያቸው ሠርቼ፣ ዐውቃቸው ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

ሲስተር ጥሩወርቅ ዕድሜያቸውን በነርስነት የጨረሱ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የእኛን የሐሙስ ጠዋት የጤና ዝግጅት እንዲመሩ ተጠየቁና መጡ። አባታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ መሪጌታ ስለነበሩ በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል። ሬዲዮ ላይም የሚያነቡት እንደዚያው ነበር። ሐረጉ ሲያልቅ ቀጥ ይላሉ፤ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። አዲስ የሚቀጠሩ የድምፅ ባለሙያዎች መስመሩ የተቋረጠ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር።

ማዳመጫ የሚያደርጉት በአንድ ጆሯቸው ብቻ ነው፤ ሌላው በር ላይ የመጣ ሰው ካለ እንዲሰማ። እኔ ደግሞ የዝግጅቱ አዘጋጅ ስለሆንሁ ስክሪፕቱን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። «ኅብረተሰቡ ሊጠነቀቅ ይገባል» ብዬ የጻፍሁ እንደሆነ መነጽራቸውን አውልቀው ይመለከቱኛል።

«አበባው፣ ኅብረተሰብ የሚባል ሰው አክሜ አላውቅም» ይሉኝና ይሰርዙታል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የመጣው ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ነው። አንዲት እናት የፋብሪካ ጋውኗን እንደለበሰች ከፈረቃ ወጥታ በቀጥታ ወደ ጣቢያችን መጣች። ወይዘሮ አስናቀች ትባላለች። ሲስተርን በሬዲዮ ከመስማት በቀር አይታቸው አታውቅም። ተቀምጣ ትንሽ ካመነታች በኋላ የተቋጠረ መሐረብ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ የነበረው ዕቃ ከጣት ብዙም አይበልጥም። ግማሹ ሮዝ፣ ግማሹ ውኃ ሰማያዊ ነው። ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ድብ አይስክሬም ሲልስ ተሥሎበታል። እኔ የልጅ እስክሪብቶ መሰለኝ።

ለእሷም የመሰላት እንደዚያ ነበር። ሰባተኛ ክፍል በምትማረው ልጇ በሳምራዊት ቦርሳ ውስጥ ደጋግማ አይታዋለች፤ ቦርሳውን ባስተካከለች ቁጥርም ከእስክሪብቶዎቹ ጋር አድርጋ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን እንዲያውም መሬት ላይ ወድቆ አግኝታ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንዳይጠፋብሽ ብላ በእጇ ሰጥታታለች። ነገሩን ያወቀችው ወንድሟ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥቶ ባየው ጊዜ ነው። ቬፕ ነው አላት፤ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። ልጅቷ ሲጋራ እንደሆነ ሲነገራት ድርቅ ብላ ቀረች። ጓደኞቼ የጣፋጭ እንፋሎት ነው አሉኝ እንጂ ሲጋራ አላሉኝም አለች።

ወይዘሮ አስናቀች ይህን ስትነግረን «በእጄ ነው የሰጠኋት» የሚለውን ደጋገመችው። ሲስተር ግን አላጽናኗትም። ዕቃውን አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«እንጆሪ» አሉ። ቆይተውም «እኔም ልጅ ብሆን እልሰው ነበር» አሉ።

በማግሥቱ የስብሰባ ጠረጴዛችን ላይ ከረሜላ፣ የከንፈር ቅባት፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ላጲስ፣ ማርከርና ያንን ዕቃ ደረደሩ። ሁላችንንም ጠርተው ለልጃችሁ የማትሰጡትን አንሡ አሉን። እኔ የከንፈር ቅባቱን አነሣሁ። ኃላፊያችን ደግሞ ላጲሱን አነሡና አንቀውት ቆሙ። ድብ ያለበትን ያነሣ ግን አልነበረም፤ አንዳንዶች ሳቁ። ሲስተር ሳይስቁ ዕቃዎቹን ሰብስበው ወጡ።

ከዚያ ትምህርት ቤቶች አካባቢ ያሉትን ሱቆች ዞርን። እኔ መቅጃውን ይዤ ከኋላ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት። ገብተን የጠየቅነው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ዐይቼ አላውቅም አለ። አንዱማ ሲምል ድቡ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ሆኖ ይታየን ነበር። አልዋሽም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። መላኩ ይባላል፤ የስልክ ዕቃና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ወጣት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ ላይ መድረክ ይመራል። እንግዲህ ድምፁን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

አዎ እሸጣለሁ አለ። ከአዲስ አበባ ከስልክ ሽፋንና ከቻርጀር ጋር በአንድ ማዳበሪያ ታስሮ እንደሚመጣ፣ መከልከሉንም እንደሰማ አልደበቀም። የት እንደሚያስቀምጠው ሲጠይቁት በጣቱ አሳየን፤ ታችኛው መደርደሪያ፣ ከከረሜላውና ከእስክሪብቶው ጎን። ለልጆች ትሸጣለህ ወይ ሲሉት እስክሪብቶዎቹን ማስተካከል ጀመረ። ሲስተር ጠበቁት።

«ሲስተር» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ልጆቹን አልጠራኋቸውም። ቀለሙ ነው የጠራቸው።»

ያን ሐሙስ ያቀረቡት ዝግጅት በጣቢያችን ከሰማኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የእናትየውን ታሪክ ስም ሳይጠሩ ተረኩት። የመላኩንም ስምና ሱቅ ሳይጠቅሱ ያችን ቃሉን በራሱ ድምፅ አሰሙ። ከዚያ እንደ ዳዊት አንባቢ ቆም ቆም እያሉ ስለ ሽታው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድቡ አወሩ። «ለአዋቂ ነው የሠራነው ይላሉ» አሉ። «እኔ አዋቂ ነኝ። አይስክሬም የሚልስ ድብ አይቼ ሮጬ ገዝቼ አላውቅም። ታዲያ ይህ ድብ ማንን ነው እጁን ዘርግቶ የሚጠራው?» የጣቢያው ስልክ እስከ ምሳ ሰዓት አላረፈም። ኃላፊያችን ቢሯችን ድረስ መጥተው ጨበጧቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ወይዘሮ አስናቀች ተመልሳ መጣች። ልታመሰግን የመጣች መስሎኝ ወንበር ሳብሁላት፤ አልተቀመጠችም። ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሩን ሰምተውት የማያውቁ ልጆች ሁሉ ሬዲዮ ላይ የተባለው እንጆሪ የት ይገኛል እያሉ ነው አለች። የሳምራዊት ክፍል ልጆችም የታሪኩ ባለቤት ማን እንደሆነች ገምተው ደርሰውበታል። ስሟን ትተው ድቧ እያሉ ይጠሯታል። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች፤ ከእናቷም ጋር አንድ ገበታ ላይ አትቀርብም።

ወዲያው የመላኩ ወሬ ደረሰን። ዝግጅቱ ባለፈ በማግሥቱ ድምፁን ያወቁ ወላጆች ተሰብስበው መጥተው፣ መጥፎውንም ደኅናውንም ዕቃ አንድ ላይ አስፋልት ላይ በትነውበታል። የቤቱ ባለቤትም ሱቁን አስለቅቀውታል። እሱ ወላጆቹ ወዳሉበት፣ ጣና ዳር ወደ ቁንዝላ ሄዷል። ሌሎቹ፣ እኛ ፊት የማሉት፣ ዕቃውን ከመደርደሪያ አንሥተው ጠረጴዛ ሥር አደረጉት እንጂ ሥራቸው ላይ ናቸው።

ሲስተር ይህን ሲሰሙ ስቱዲዮ ውስጥ ነበሩ። ማዳመጫውን አወለቁና አቀረቀሩ።

«የዋሹኝ ሁሉ ሱቃቸው ክፍት ነው» አሉ። «እውነቱን የነገረኝ ተዘጋ። አበባው፣ እኔ እንጃ።»

እሳቸው እኔ እንጃ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምን ልበል? ጥፋቱኮ የእርስዎ አይደለም አልኋቸው።

የዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውለው ቁንዝላ አድርሰኝ አሉኝ። በመራዊ በዱርቤቴ አድርገን ሄድን፤ መንገዱ ነፍሳችንን ነው ያወጣው። መላኩን ጀልባ መውጫው አጠገብ፣ የተቀደደ መረብ ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘነው። ሲያየን አልተነሣም። በእኛ አገር እንደ ሲስተር ያለ ትልቅ ሰው ሲመጣ አለመነሣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳቸውም ተነሥ አላሉት፤ የተገለበጠ ታንኳ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ለእኔ ደግሞ መቅጃውን ቦርሳ ውስጥ እንድከት ነገሩኝ። ያን ሁሉ መንገድ ለምን እንደመጣን ያን ጊዜ ጨርሶ ጠፋኝ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተከራከሩ። እሱ ድምፄን የምትለውጡበት መሣሪያ አላችሁ፤ ለምን አልለወጣችሁትም አለ። እሳቸው አላሰብሁትም አሉ። ድቡን የሣልሁት እኔ ነኝ ወይ አለ፤ ማዳበሪያውን አስሮ የሚልከውን ሰው ለምን አልጠየቃችሁትም አለ። እሳቸው ደግሞ ከከረሜላው ጎን ያስቀመጥኸው አንተ ነህ አሉት። አዎ እኔ ነኝ አለ። ወደኋላ አላለም። ልጆቹ የዕቃውን ስም እንኳ እንደማያውቁ፣ ሮዟን ስጠኝ ሰማያዊዋን ስጠኝ እያሉ በቀለም እንደሚጠሩት፣ አንዷ ሕፃን ለታናሽ እኅቷ ልደት ስጦታ ልትገዛው መጥታ እሱ ራሱ አፍሮ እንደመለሳት ነገራቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለሬዲዮ ሰው ሲሳይ ነው። መቅጃው ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«ሊታረቁኝ ነው የመጡት?» አላቸው አንድ ጊዜ።

«ጥፋትህን ልሰርዝልህ አልመጣሁም» አሉት። «ካጠፋኸው በላይ ግን ተቀጣህ። ያንን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። እሱን ልነግርህ ነው።»

በስምህ መጥተህ ሬዲዮ ላይ ተናገር ብለው ለመኑት። ድምፄ አንዴ ወጥቶ ያመጣውን አይቻለሁ ብሎ እንቢ አለ። ስንነሣም አልሸኘንም።

ስንመለስ አላስቻለኝምና ጠየቅኋቸው። መላኩ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ነው አሉ። እርስዎስ? ነኝ አሉ። ታዲያ ምን ልናደርግ ሄድን? ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና እስከ መራዊ ተኙ፤ ወይም የተኙ መሰሉ።

ለቀጣዩ ሐሙስ እኔ የጻፍሁትን ስክሪፕት ትተው የራሳቸውን ይዘው መጡ። ኃላፊያችን አስቀድመው አንብበውት ስለነበር ስቱዲዮው በር ላይ ጠበቋቸው። በራሳችን ሞገድ ራሳችንን ሊያዋርዱን ነው ወይ አሏቸው። ሲስተርም ይህን ልናገር፤ ከዚያ ወዲያ አትምጪ ካላችሁኝ አልመጣም አሉ። ኃላፊያችን መንገዱን ለቀቁላቸው።

«ባለፈው ስለ አንድ ዕቃ ሽታና ቀለም ነገርኋችሁ» ብለው ጀመሩ። «አሳምሬ ነው የነገርኋችሁ። ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ከዚያ የተሻለ አይሠራም። ነገሩን ሰምቶት የማያውቅ የነበረ ልጅ ሬዲዮ ላይ የተባለው እያለ ሱቅ ለሱቅ ፈለገው።» ከዚያ ስለ ድቡም ስለ እንጆሪውም አላነሡም። ዕቃው ሳንባን ምን እንደሚያደርግ፣ ውስጡ ያለው ኒኮቲን የልጅን አእምሮ እንዴት እንደሚያስር፣ እናትና አባት ልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ቢያገኙት ዱላ ከማንሣታቸው በፊት ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ተናገሩ። ስለ እኛም፣ ስለ ቴሌቪዥኑም፣ ስለ ቴሌግራሙም ተናገሩ። ክፉ ነገር አጋለጥን እያልን አምሮ እንዲታይ የምናደርገው እኛ ነን አሉ። አንድ ሻጭ እውነቱን ስለነገራቸው ብቻ ለብቻው መቀጣቱንም ተናገሩ። ዕቃው እንዲገባ መንገድ የሚከፍተውን ትቶ መደርደሪያ ላይ የሚደረድረውን ብቻ ማሳደድ ለልጆቹ ምንም እንደማይጠቅም ነግረው ጨረሱ።

ስልኩ እንደ ባለፈው አልጮኸም። ከደወሉት ጥቂቶች አንዱ ሲስተር አርጅተዋል፤ አሁን ለነጋዴ መሟገት ጀመሩ ብሎ ዘጋ። በኋላ ተቆጣጣሪዎች ሱቆቹን እየዞሩ ዕቃውን ለቀሙት፤ ይህን ያመጣው የመጀመሪያው ዝግጅት ይሁን ሁለተኛው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አሁን ደግሞ በቴሌግራም ይሸጣል ይላሉ። የመጀመሪያው ሰውን አነቃነቀ፤ ሰውም ጎዳ። ሁለተኛው እውነት ነበር፤ ጆሮ የሰጠው ግን የለም።

ሳምራዊት ቤት ግን ሲስተር ሲመላለሱ ከረሙ። ከልጅቷ ጋር ምን እንዳወሩ ለእኔም ለእናትየውም አልነገሩም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ከእናቷም ጋር አብራ መብላት ጀመረች። ወይዘሮ አስናቀች ይህን ልትነግረኝ በመጣች ጊዜ ከእንባዋ ጋር ትስቅ ነበር። ዕቃውን ትታ እንደሆን ስጠይቃት እሷም እኔ እንጃ አለችኝ።

እንግዲህ ከቆጋ ተመልሼ ቀብር ላይ ደረስሁ። ሲስተር የተቀበሩት ሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአባታቸው ተማሪዎች የነበሩ ሊቃውንት ከደሴቶቹ በጀልባ መጥተው ነበርና ፍትሐቱ ረዘም አለ። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመውን ሰው ሳይ ዐይኔን ተጠራጠርሁ። መላኩ ነው። የሰፈሩ ሰዎችም ዐወቁት፤ እርስ በርስ ተያዩ። ፊቱ ከቤተሰቡ ፊት ይልቅ በልቅሶ ያበጠ ነበር።

ልቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ታርቃችሁ ነበር እንዴ አልሁት ቀስ ብዬ።

«አልታረቅንም» አለ።

ግራ ገብቶኝ ስመለከተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ከዚያች የቁንዝላ እሑድ ወዲህ ሲስተር በየሐሙሱ፣ ዝግጅታቸውን ጨርሰው ከምሳ በኋላ ይደውሉለት ነበር። ሰላምታ እንኳ አያስረዝሙም፤ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ዛሬ ማንን በደልሁ?» ይሉታል። መጀመሪያ የሚያሾፉበት መስሎት ይዘጋባቸው ነበር። እሳቸው ግን ሐሙስ ሲመጣ ይደውላሉ። በኋላ መልስ እንዳያጣ ብሎ ዝግጅቱን ማዳመጥ ጀመረ። አንዳንድ ቀን ማንንም አልበደሉም ይላቸዋል፤ አያምኑትም፤ ደኅና አድርገህ አልሰማህም ይሉታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይህን ሰው በድለዋል ይላቸዋል። ያን ጊዜ ያዳምጡትና አመስግነው ይዘጋሉ።

እኔ ያን ሁሉ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ስልካቸውን ይዘው ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ሲሄዱ አይ ነበር። ከዘመድ ጋር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

«ባለፈው ሐሙስ የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚያቋርጥን ሰው ሰነፍ ብለውታል አልኋቸው» አለኝ መላኩ። «ሳቁ። አንዱ ሰነፍ እኔ ነኝ አሉኝ።»

ግፊት እንዳለባቸው በጣቢያችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህንን ለማን እንደምነግር፣ መንገርም ይገባኝ እንደሆነ እያሰብሁ ሳለ መላኩ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ሐሙስን አንተ ነህ የምትይዘው አሉ» አለኝ።

ኃላፊያችን ያን ዕለት ጠዋት ነግረውኝ ነበር። እሱ ከማን እንደሰማ አላውቅም። ለጊዜው እኔ ነኝ አልሁት።

«ቁጥሬን ያዝ» አለ።

ሊያጽናናኝ ነው ወይስ ሊያስፈራራኝ፣ ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልሁም። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ቀስ እያለ ጠራልኝ፤ ጻፍሁት፤ በትክክል መጻፌንም ደግሞ አረጋገጠ።

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደውል» አለኝ ሲነሣ። «ቁንዝላ ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ አይዝም።»